ፊሽካው እስኪነፋ

ከእኔ በላይ ያለው አፓርትመንት ውስጥ የሚኖረው ሰውዬ ጎል ሲገባ ይጮኻል። ይጩኽ፣ ቤቱ ነው። ችግሩ እኔን ቀድሞኝ መጮኹ ነው። የሱ ቴሌቪዥን ከእኔ ላፕቶፕ ስለሚፈጥን፣ እኔ ዘንድ ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ እየተንከባለለች ሳለ ከጣሪያዬ በላይ "የስ!" ይልና ወለሉን በእግሩ ይደበድበዋል። ከዚያ ወዲያ እኔ የማየው ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ ይሯሯጣሉ፣ በረኛው ጓንቱን እያጠባበቀ ወዲያ ወዲህ ይላል። ምስኪን፣ አልሰማም። እዚያ የሆነው ነገር እሱ ጋ ገና አልደረሰም።

ሌላ ሰው ቢሆን ወጥቶ የሰውየውን በር ያንኳኳ ነበር። እኔ ግን ያንን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ፓሳዴና መሆኔን እረሳዋለሁ። አፍንጫዬ ላይ የፀጉር ቤት ዱቄትና አልኮል ይመጣብኛል፤ ጭኔ ላይ ደግሞ የሌለ ስልክ ይከብደኛል። ጋሼ አስፋው ድቅን ይልብኛል።

ጋሼ አስፋው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ እማዬ ከምትሠራበት ሬስቶራንት ቀጥሎ ባለው በር፣ ፀጉር ቤት ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሬስቶራንቱን ወጥ ቤት የምትከፍተው እማዬ ስለነበረች ጎህ ሳይቀድ ትገባለች። ቤት ብቻዬን ትታኝ እንዳትሄድ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ፈራች። ስለዚህ ከነፒጃማዬ መኪናው ውስጥ ትከተኝና ጋሼ አስፋው በር ላይ ታወርደኛለች። "ጋሽ አስፋው፣ ይቺን ልጅ አደራ" ትላለች፣ እሱም "ወዲህ በያት" ይላል፣ አለቀ። ሌላው ልጅ ተኝቶ ካርቱን ሲያይ እኔ ከሽማግሌ ጋር ኳስ ማየቴ መጀመሪያ ላይ በጣም ያናድደኝ ነበር። ንዴቴ ግን ብዙ አልቆየም።

ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት የፀጉር ቤት ወንበሮች አሉ፤ አንደኛው ቆዳው ተቀዶ በጥቁር ፕላስተር የተለጠፈ ነው። ከወንበሮቹ ፊት ለፊት ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ መስታወት አለ። ከመስታወቱ በላይ አረንጓዴ የአንገት ልብስ በሚስማር ተመቷል፤ በዚያ ሙቀት ማን እንደሚለብሰው እንጃ። ማሽኖቹ ከነገመዳቸው ተሰቅለዋል፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ነው፤ ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር በገመድ ተያይዟል፣ ላፕቶፑ ደግሞ እንደ ታመመ ሰው ሲያቃስት ነው የሚውለው። ጋሼ አስፋው ራሱ መላጣ ነበር። ደንበኞቹ ይሄንን እያነሱ ሲቀልዱበት "የእኔን ፀጉር እናንተ ላይ ነው የማሳድገው" ይላል። ረጅም ነበር፣ ድምፁ ግን የዝምተኛ ሰው ድምፅ ነው፣ ከመናገሩ በፊት አየር ይስባል።

እንግሊዝ አገር ታናሽ ወንድም ነበረው፣ ሽመልስ የሚባል። እናት አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገው ጋሼ አስፋው ነው። ሽመልስ በወጣትነቱ እንግሊዝ ገብቶ እንግሊዞቹ ራሳቸው በቅጡ የማያውቋት አንዲት ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። የተለያዩት ጋሼ አስፋው ፀጉር በነበረው ጊዜ ነው። ያቺ ከተማ ደግሞ አረንጓዴ ማሊያ የሚለብስ የኳስ ቡድን አላት፤ ሽመልስ ዕድሜ ልኩን በታችኛው ሊግ ዝናብ ሲደበድበው የኖረ ደጋፊ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁ ሊግ ውስጥ ገባ። ጋሼ አስፋው የቡድኑን ስም ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም፣ "ቡድናችን" ነበር የሚለው። የፌርፋክስ ሰው ሁሉ ታላላቆቹን ነው የሚደግፈው፣ ስለዚህ ይስቁበት ነበር። "ጋሽ አስፋው፣ ይሄ ቡድን በእውነት አለ ወይስ እርስዎ ነዎት የፈጠሩት?" ይሉታል። ይስቃል እንጂ አይመልስም።

ጨዋታው የሚጀምረው በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እንግሊዝ አገር ከሰዓት በኋላ መሆኑ ነው። ውጭ ጭጋጉ ገና አልተነሳም፣ የፌርፋክስ ሱቆች መዝጊያቸውን አላነሱም፣ ፓርክ ያደረጉት መኪኖች ላይ ጤዛ አለ። ሽመልስ እዚያ ስታዲየሙ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያያል፣ እኛ እዚህ እናያለን፣ ጨዋታው ሲያልቅ ከመቀመጫው ሳይነሳ ይደውላል። የእኔ ሥራ ስልኩን መያዝ ነበር። ጥቁር ታጣፊ ስልክ ነው። ጋሼ አስፋው ጭኔ ላይ ያስቀምጥልኝና "ሪዱ፣ አደራ፣ ፊሽካው ሳይነፋ እንዳትከፍቺው" ይለኛል። ስሜ ረድኤት ነው፣ እሱ ነው ሪዱ ያለኝ።

ለምን እንደሚያስጠነቅቀኝ የገባኝ በመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ላፕቶፑ ከኢንተርኔት የሚያመጣው ስትሪም ከእውነተኛው ጨዋታ አንድ ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይቀራል። እና እኛ ዘንድ ተጫዋቾቹ ገና እየሮጡ እያለ ስልኩ ጭኔ ላይ ጮኸ። እንግሊዝ አገር አልቋል ማለት ነው። ሽመልስ ውጤቱን ያውቃል። ጋሼ አስፋው ግን አይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ "ቆይ" አለኝ። ስልኩ ይጮኻል፣ እነዚያ ያለቀባቸው ሰዎች ይሮጣሉ። ዳኛው እኛ ዘንድም ፊሽካውን ሲነፋ ጋሼ አስፋው ትንፋሹን ለቀቀና "አሁን" አለኝ። ከፍቼ ሰጠሁት። እኔ ድረስ የሚሰማ ጎርናና ድምፅ "አየህ አይደል፣ ጋሼ?" አለ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚጀምረው። ከኋላው ሕዝቡ ሲነሳ ወንበሮቹ እየተጣጠፉ ቀጭ ቀጭ ይላሉ።

"ለምን ቶሎ አናነሳውም?" ብዬ ጠይቄው ነበር አንድ ቀን።

"እስካልሰማሁ ድረስ እኔ ዘንድ አላለቀማ" አለኝ። "እሷን አንዲት ደቂቃ ለምን አሳልፌ ልስጣት?"

ቡድናችን መጀመሪያ አካባቢ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ መሸነፍ ጀመረ። ቅጠል ሲረግፍ እኛም አብረን ወረድን። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቅጠል የሚረግፍ እንኳ ብዙ የለም፣ እንግሊዝ አገር ያለውን በቴሌቪዥን ነው የማየው። የገና በዓል ሊደርስ ሲል ጋሼ አስፋው ሰው ፀጉር እየቆረጠ ሳለ ደረቱን ያዘውና ወደቀ። ልቡ ነው ተባለ። ሆስፒታል ገብቶ የደም ሥሩን ከፈቱለት፣ ዳነ። ሐኪሞቹ ግን አደራ፣ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳያጋጥመው አሉ።

እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው ሽመልስ የሞተው።

ስልኩ የተደወለው ለጋሼ ታደሰ ነው፣ ለታክሲ ነጂው። በእኛ ወግ መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፤ ለሌላ ሰው ይነገርና እሱ ሰው አሰባስቦ፣ ማልዶ ሄዶ፣ ፊት ለፊት ነው የሚያረዳው። ጋሼ ታደሰ እንደሰማ በቀጥታ እትዬ ዘነበች ሱቅ ሄደ። እትዬ ዘነበች በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ፌርፋክስ ላይ ሰው ሲጋባም ሲሞትም የምታዘው እሷ ናት። እማዬም ተጠራች፣ እኔም በእማዬ ቀሚስ ስር ገብቼ የሽሮ ከረጢት ላይ ተቀመጥኩ። ልጅ አይሰማም ብለው ነው መሰል ማንም አላስወጣኝም። ሽመልስ አውቶቡሱን አቁሞ ሲወርድ ወድቆ መሞቱን፣ እዚያ ያሉ ሐበሾች እንደቀበሩት ሰማሁ።

"አሁን ብንነግረው ይሞትብናል" አለ ጋሼ ታደሰ። "ልቡ ሳይጠገን?"

"እንቆይ" አለች እማዬ።

"እስከ መቼ?" አለች እትዬ ዘነበች።

ጋሼ ታደሰ አገጩን አሸ። "ይሄ ቡድንም ሊወርድ ነው፣ እሱም ራሱን የቻለ ሐዘን ሆኖበታል። ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት ይችለዋል? ሲዝኑ ይለቅ።"

እትዬ ዘነበች ኳስ የሚባል ነገር አታውቅም። "ሲዝን የሚባለው መቼ ነው የሚያልቀው?" አለች።

"ግንቦት።"

"ኦኬ፣ ግንቦት ይሁን" አለች፣ ተነስታም የቀሚሷን በርበሬ አራገፈች።

ያን ጊዜ ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ወንድሙ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ይደውላል። ጋሼ አስፋው ከሆስፒታል ወጥቶ ሱቁን ሊከፍት በነበረበት ቅዳሜ ዋዜማ ሁሉም ይሄ ትዝ ሲላቸው ምን እንደሚሉት ግራ ገባቸው። "ስልኩ ተበላሽቷል እንበለው" አለ አንዱ፣ "ታሟል እንበለው" አለች ሌላዋ። ምንም ሳይወስኑ ነጋ። ጠዋት እማዬም፣ ጋሼ ታደሰም፣ እትዬ ዘነበችም "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ለማለት ብለው መጥተው ከኋላችን ቆሙ። እኔ ስልኩን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። የሞተ ሰው እንደማይደውል አውቃለሁ። ጋሼ አስፋው ፊሽካው ተነፍቶ ስልኩ ዝም ሲል ፊቱ ምን እንደሚሆን ነው የማስበው፣ ላለማየት አይኔን ለመጨፈን ተዘጋጅቻለሁ።

ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ትንፋሹ ሲቆም ሰማሁ። ጋሼ አስፋው እንደ ወትሮው እጁን ዘርግቶ "ቆይ" አለኝ። ፊሽካው ተነፋ። "አሁን" አለኝ። ስልኩን ከፍቼ ሳልሰማው፣ ከእሳት እንደማወጣው ነገር ፈጥኜ ሰጠሁት። ጀርባውን ሰጥቶን ማውራት ጀመረ። "አየሁ፣ አየሁ... በረኛው ነው ያስበላን... አንተስ፣ ብርዱ እንዴት ነው?" እያለ እንደ ድሮው ያወራል። ሲጨርስ ስልኩን አጥፎ ዞረ። ጉንጩ እርጥብ ነበር። ያን ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ሰው ሣር እንዳያጠጣ የተከለከለበት ነው፤ የእሱ ጉንጭ ግን ካፊያ ያገኘው ይመስላል። እንባ ነው እንዳልል ፊቱ ላይ ሐዘን አላየሁም።

ውጭ ስንወጣ እማዬ እጄን እየጎተተች "ማን ነው የደወለው?" አለችው ጋሼ ታደሰን በሹክሹክታ።

"እትዬ ዘነበች ሳትሆን አትቀርም" አለ። "እንግሊዝ ሰው አላት፣ አንዱን ልጅ ነግራው ይሆናል።"

እንደዚህ እየሆነ ሳምንታት ሄዱ። እማዬ ይሄን ያዘጋጀችው እትዬ ዘነበች ናት ብላ አሰበች። እትዬ ዘነበች ደግሞ ጋሼ ታደሰ ነው ብላ። ማንም ማንንም በቀጥታ አልጠየቀም፤ የሰው ውለታ አይጠየቅም፣ ደግሞም ሁሉም ውስጡ ደስ ብሎታል። ቡድናችን አንዴ ያሸንፋል፣ ሁለቴ ይሸነፋል፣ ወራጁ ቀጠና አፋፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ስልኩ ይጮኻል። እኔ ብቻ ነኝ በየሳምንቱ ስልኩ ጭኔ ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማኝ። አንድ ጊዜ እንደከፈትኩት ለጋሼ ሳልሰጠው ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ወንበሮች ሲጣጠፉ ሰማሁ፣ ብዙ፣ ስታዲየም ሙሉ ወንበር። ዝናብም ይሰማል። ሰው ግን አይሰማም፣ ያን ሁሉ ወንበር የሚያጥፍ ሕዝብ አንድ ቃል አይተነፍስም። ለእማዬ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ።

"ሙት አይደውልም" አለችኝ። እማዬ ጴንጤ ናት፣ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም። "ሁለተኛ ጆሮሽን እዚያ ስልክ ላይ እንዳታደርጊ፣ በኢየሱስ ስም!"

የመጨረሻው ጨዋታ እሁድ ዋለ። ግንቦት ነው፣ ፌርፋክስ ላይ የጃካራንዳ አበባ ረግፎ የመኪኖቹን መስታወት ሐምራዊ አድርጎታል፣ ጭጋጉ የመንገድ መብራቶቹን ውጧቸዋል። ቡድናችን አቻ ከወጣ ይተርፋል፣ ከተሸነፈ ይወርዳል። ጋሼ አስፋው ያን ቀን ክራቫት አስሮ ነበር የመጣው። ላፕቶፑን ከፍቶ እንደተቀመጠ በሩ ተከፈተና ሰዎቹ ገቡ። እትዬ ዘነበች የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አዙራ ለብሳለች፤ ያ የለቅሶ አለባበስ ነው። ጋሼ ታደሰ ጥቁር ኮት ለብሶ የታሸገ ውሃ አቅፏል። እማዬ ከኋላ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ ነው የመጣችው፣ ያም ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉም በሩ አጠገብ ቆመው ቀሩ።

ጋሼ አስፋው ዞሮ አላያቸውም። በመስታወቱ ነው ያያቸው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አላቸው። "ጥለታችሁን አይቻለሁ። የመጣችሁበትን አውቃለሁ።"

እትዬ ዘነበች "አስፋው..." ብላ ጀመረች።

"ካወቅሁ ቆየሁ። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ታደሰን ስቆርጠው አይኑ እንባ ሞላ። 'ፀጉር ገባብኝ' አለኝ።" ወደ መስታወቱ ጠቆመ። "ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ውስጥ ሰው ሳይ ነው የኖርኩት። ከጀርባዬ ስትጠቃቀሱ የማላይ ይመስላችኋል? እናንተ ሳትነግሩኝ ግን እንዴት ብዬ ልልቀስ? ያልተነገረኝን?" ክራቫቱን አላላ። "ደግሞ ያን ልጅ አፈላልጋችሁ ስታስደውሉልኝ፣ እንዳይከፋኝ ብላችሁ መሆኑ ገባኝ። ደስታችሁን እንዳላበላሽባችሁ እኔም አወራሁት። እግዜር ይስጣችሁ። ቁርጥ የሱ ድምፅ ነው። ከየት አገኛችሁት?"

እትዬ ዘነበች ጋሼ ታደሰን አየችው። ጋሼ ታደሰ እማዬን አያት።

"እኔ አላስደወልኩም" አለች እማዬ።

"እኔማ እሷ ናት ብዬ" አለ ጋሼ ታደሰ፣ ወደ እትዬ ዘነበች እያየ።

"ኧረ በማርያም! እኔ አንተ መስለኸኝ እንጂ!"

ላፕቶፑ ያቃስታል። አራታቸውም በመስታወቱ ውስጥ ይተያያሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ አንድ በአንድ እኔ ጭን ላይ ያለውን ስልክ ማየት ጀመሩ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት ከዚያ ወዲህ ፈርቼ አላውቅም። ስልኩን መወርወር ፈለግሁ፣ እጄ ግን አልታዘዘኝም። እማዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልያለች።

ጋሼ አስፋው ፊቱ አመድ መስሏል። አየር ሳበ። "ፊሽካው ይነፋ" አለ። "መርዶውን ያን ጊዜ ትነግሩኛላችሁ።"

እንደዚያ ሆነን ጨዋታውን አየን። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ኳስ ሲያይ አስቡት። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ጋሼ ታደሰ ውሃውን እንዳቀፈ። ጎል ገባብን። ከዕረፍት በኋላ እኛ አገባን፣ ጋሼ አስፋው አይኑን ጨፍኖ ከፈተ እንጂ አልተነሳም። አንድ ለአንድ። ሰዓቱ አልሄድ አለ። የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ተጋጣሚያችን የማዕዘን ምት አገኘ፣ ተጫዋቹ ኳሷን መሬት ላይ እያስተካከለ ሳለ ስልኩ ጭኔ ላይ ጮኸ።

እትዬ ዘነበች "ወይኔ" አለች።

እዚያ አልቋል። እንደዳንን ወይም እንደወረድን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፣ እየደወለ ነው። ጋሼ አስፋው እጁን ዘርግቶ "ቆይ" አለኝ። ኳሷ ተመታች፣ ተነሳች፣ በረኛችን ከሰው ሁሉ በላይ ወጥቶ ያዛትና ከስሩ አድርጎ ተኛባት። ፊሽካው ተነፋ። አልወረድንም።

ስልኩ አላቆመም። እትዬ ዘነበች ብድግ ብላ ሁለት እጇን ጋሼ አስፋው ትከሻ ላይ አደረገች። "አስፋው ወንድሜ፣ ሽመልስ አርፏል። አንተን ያቆይልን" አለችው። ያ እስከዚያ ድረስ ሁሉን ያወቀ ሰው፣ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ሆኖ ወደቀ። ያን ሁሉ ወር የያዘው ሁሉ ወጣ። "ወንድሜን! ያሳደግሁትን!" እያለ አለቀሰ፣ ጋሼ ታደሰ ክንዱን ይዞ አብሮት አለቀሰ። በዚያ ሁሉ መሀል ስልኩ ይጮኻል፣ ይጮኻል።

ጋሼ አስፋው ቀና ብሎ አየኝ። "ሪዱ፣ አንሺው" አለኝ። "ንገሪው።"

"ልጄን ተዋት!" ብላ ጮኸች እማዬ። እኔ ግን ስልኩ የእኔ ሥራ ነበር። ከፈትኩት።

"አየህ አይደል፣ ጋሼ?" ደስታው ድምፁን ሰብሮታል።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ረድኤት። ስልኩን የምይዘው።"

"ጋሼስ?"

"ጋሼ... ጋሼ ሰምቷል።"

ወንበሮቹ ይታጠፉ ነበር፣ ቆሙ። ዝናቡም ቆመ።

"ማን ነገረው?"

"ሁላችንም።"

"አለቀሰ?"

"እያለቀሰ ነው።"

"እሺ" አለ። ድምፁ አልተከፋም፣ ደክሞት የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው። "በይ ውሃ ስጪው፣ እናቴ። ብዙ እንዳያለቅስ።" ከዚያ ምንም የለም። ስልኩ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

ውሃ ሰጠሁት። እማዬ ያን ቀን ከዚያው በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ወስዳኝ ፓስተሩ ጆሮዬ ላይ እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። ምን እንደሰማሁ ግን ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም። በሚቀጥለው ዓመት ቡድናችን በትልቁ ሊግ ሲጫወት ስልኩ ጭኔ ላይ ዝም ብሎ ከረመ። ቡድናችንም በዓመቱ ወረደ። ጋሼ አስፋው "ለሽሜ ያቺ አንዴ መትረፋችን ትበቃዋለች" አለ፣ እኔም ደስ ብሎት እንጂ ከፍቶት አላየሁትም።

አደግሁ፣ ኮሌጅ ወደ ሰሜን ሄድኩ። ጋሼ አስፋው ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታው ሲያልቅ ይደውልልኝ ጀመር። የእኔ ስትሪም ከእሱ ስለሚዘገይ ስልኬ ቀድሞ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ፊሽካው እስኪነፋ አላነሳም። "አየሽ አይደል፣ ሪዱ?" ይለኛል። የወንድሙን ቃል ወስዶ ለእኔ ሰጠኝ። አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ ፈተና ተጀምሮ ለቀሩት እያጠናሁ ሳለ ሲደውል ከኋላው ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማ ነበር፣ ዝናብም ያለ ይመስላል። ፀጉር ቤቱ ሰው በዝቶበት ይሆናል ብዬ "ሎስ አንጀለስ ዘነበ እንዴ?" አልኩት። "እንዴት ያለ ዝናብ!" አለኝ። ብዙ አወራን። "ፈተናሽን በርቺ" አለኝ።

ፈተናዬን በጨረስኩ ማግስት ማለዳ የዶርሜ በር ተንኳኳ። እማዬ ናት። ከኋላዋ እትዬ ዘነበች በከዘራ ተደግፋ፣ ጥለቷን ወደ ላይ አዙራ፣ ጋሼ ታደሰ ውሃ ይዞ። ከፌርፋክስ እስከዚያ ድራይቭ አድርገው ነው የመጡት። ነገሩኝ። ፈተናው ሳይጀመር በፊት ነው የሞተው፣ ተቀብሯል፣ ፈተናሽ ይለቅ ብለን ነው አሉኝ። ጮህኩ፣ መሬት ላይ ወደቅሁ፣ እማዬ አቀፈችኝ። ትንፋሼ ሲመለስ አይኔ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልኬ ሄደ። እማዬ አይኔን ተከትላ አየች። እጇ ትከሻዬ ላይ ቀዘቀዘ።

ዛሬ ፀጉር ቤቱ የጥፍር ቤት ሆኗል። አረንጓዴውን የአንገት ልብስ ለእኔ ስጧት ብሎ ነበር፤ እዚህ ከላፕቶፔ በላይ በሚስማር መትቼዋለሁ። ዘንድሮ ቡድናችን ተመልሶ ትልቁ ሊግ ገብቷል፣ እንደ ልማዱ ወራጁ ቀጠና አፋፍ ላይ ነው። እማዬ፣ ያቺ "ሙት አይደውልም" ያለችኝ እማዬ፣ አሁን በደወለች ቁጥር "ልጄ፣ እባክሽ ንገሪው፣ ይረፍ" ትለኛለች። ልክ ናት፣ አውቃለሁ። ለሽመልስ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። እሺ እላታለሁ፣ ሲዝኑ ይለቅ እላታለሁ። ባለፈው ግንቦትም እንዲሁ ነበር ያልኳት።

ከላይ ሰውየው ወለሉን ደበደበው። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ዘንድ ገና እየተጫወቱ ነው፣ በረኛው ጓንቱን ያጠባብቃል። ጠበቅሁ። ፊሽካው ተነፋ።

"አየሽ አይደል፣ ሪዱ?"

"አየሁ፣ ጋሼ" አልኩት። "ዝናቡ እንዴት ነው?"